የሊጥ ማቡኪያው ስቴንለስ ለምን ተበላ? ስለ ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ሞሊብዲነምና ካርቦን ድርሻ

በያጁ ከማራኪ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ጎንደር ማራኪ ውስጥ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለኝ። ለብዙ ዓመት በርና መስኮት ስሠራ ከቆየሁ በኋላ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ለእንጀራ ጋጋሪዎች፣ ለጠጅ ቤቶችና ለወተት ሰብሳቢዎች የስቴንለስ ዕቃ መሥራት ጀምሬአለሁ። ዛሬ የምጽፈው በገዛ እጄ የሠራሁት ዕቃ ስላሳፈረኝና ምክንያቱን በቅጡ ማወቅ ስለምፈልግ ነው።

ከጥምቀት በፊት ለአንዲት እንጀራ ጋጋሪ እናት 200 ሊትር የሚይዝ፣ በአራት እግር የቆመ የሊጥ ማቡኪያ በርሜል ሠራሁላቸው። ላሜራው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሻጩ «304 ነው» (የስቴንለስ ዓይነት መለያ ቁጥር ነው) ብሎኛል፤ ማግኔት ሳስጠጋበትም አልያዘም። ብየዳውን በአርጎን ሠርቼ፣ መስመሩን በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ አስረከብኩ። አራት ወር ሳይሞላ ግን ደውለው «ልጄ፣ በርሜሉ ዛገብኝ፤ ሊጡንም ፈራሁት» አሉኝ። ሄጄ ሳየው የብየዳውን መስመር ግራና ቀኝ ተከትሎ ቡናማ ዝገት ወጥቶበታል፤ ከታች ጥጉ ላይ ደግሞ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። ሊጡ ሲቦካ አሲድ እንደሚሆን አውቃለሁ። ታዲያ ስቴንለስን የእርሾ አሲድ ይበላዋል? በብረቱ ውስጥ የትኛው ቅይጥ ቢጎድል ነው እንዲህ የሚሆነው? ሌላ በርሜል ከመሥራቴ በፊት የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።


ባትሪ ቤት አዘዞ

ወንድሜ፣ እኔ አዘዞ የባጃጅና የመኪና ባትሪ እሞላለሁ። አሲዱ መሬት እንዳይነካ ብዬ የስቴንለስ ትሪ አሠርቼ ከባትሪዎቹ ሥር አስቀመጥኩ፤ ከሳምንት በኋላ ትሪው ጠቁሮ፣ በአንድ ወር ውስጥ ተበሳ። ከዚያ ወዲህ በገበያ ያለውን ስቴንለስ ሁሉ አላምንም። የተታለሉ ይመስለኛል።


መምህር በጎንደር

በያጁ፣ ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡ አመሰግናለሁ። የባትሪ ቤቱ ወንድማችን ትሪ የተበላበት ምክንያትና የእርስዎ በርሜል የተበላበት ምክንያት የተለያዩ ናቸው ብዬ ስለማምን፣ ነገሩን ከመሠረቱ ላንሣው።

«ስቴንለስ አሲድ ይችላል?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል መልስ መስጠት አይቻልም። የትኛው አሲድ ነው፣ ምን ያህል ጠንካራ ነው፣ ምን ያህል ይግላል፣ ጨው ተቀላቅሎበታል ወይ የሚሉት አራት ነገሮች ካልታወቁ፣ የብረቱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግረንም። በብረቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚቋቋመው የራሱ የሆነ አሲድ አለው፤ ለአንዱ የሚጠቅመው ለሌላው የማይረባበት፣ አልፎ አልፎም የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

የሁሉም መሠረት ክሮሚየም ነው። በብረቱ ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖር፣ ክሮሚየሙ ከአየርና ከውሃ ኦክሲጅን ወስዶ ላዩን የሚሸፍን ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል። ውፍረቱ ከ1 እስከ 3 ናኖ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ለሊጣቸው የሚተማመኑት በዚህ በዓይን በማይታይ ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ቢቧጨር እንኳ ኦክሲጅን እስካገኘ ድረስ ወዲያው ራሱን ይጠግናል። ስለዚህ ናይትሪክ አሲድን የመሰለ፣ ራሱ ኦክሲጅን የሚሰጥ አሲድ ሽፋኑን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ኦክሲጅን የማይሰጡት አሲዶች፣ እንደ ቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድና «የጨው አሲድ» እንደሚባለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያሉት ግን ሽፋኑን ይገፉታል፤ ያን ጊዜ ክሮሚየም ብቻውን መከላከል ያቅተዋል።

ይህ ብረትና አሲድ ከጥንት የተዋወቁ ናቸው። ፈረንሳዊው ፒየር በርቲየ ክሮሚየም ያለበት ብረት አሲድን እንደሚቋቋም ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1821 ነበር። ሃሪ ብሬርሊ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ በ1913 12.8 በመቶ ክሮሚየም ያለበትን ብረት አቀለጠ። ናሙናውን በናይትሪክ አሲድ አስነክሶ ለመመርመር ሲሞክር ብረቱ አልነከስ አለው፤ ቀጥሎም በኮምጣጤና በሎሚ ጭማቂ ሞከረው። የምግብ አሲድ ፈተና ከስቴንለስ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ኒኬልን ወደ ቅይጡ ያመጡት በጀርመን በክሩፕ ኩባንያ የሠሩት ቤኖ ሽትራውስና ኤድዋርድ ማውረር ናቸው፤ የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት በ1912 ነው። ኒኬል ራሱ ሽፋኑን አይሠራም። ሥራው ሁለት ነው፤ ብረቱ በቀላሉ የሚጠቀለልና የሚበየድ እንዲሆን የውስጥ አደረጃጀቱን ይለውጣል፣ ሽፋኑ በተገፈፈ ጊዜም ብረቱ በአሲድ የሚሟሟበትን ፍጥነት ይቀንሳል። 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል ያለው ነው።

አሁን ወደ ሊጥዎ ልመለስ። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ በውስጡ የሚፈጠሩት በዋናነት ላክቲክና አሴቲክ አሲድ ናቸው፤ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይጠነክራል) ከ4 በታች ይወርዳል። ይህ ለምላስ ኮምጣጣ ነው፤ ጨው እስካልበዛበትና እስካልተቀቀለ ድረስ ግን ለእውነተኛ 304 ቀላል ሥራ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛው ሊጡ ነው ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። ሦስት ነገር ልጠይቅዎ። ዝገቱ ሊጡ በሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው ያለው? ከውጭ በኩልስ? በርሜሉ በምን ነው የሚታጠበው?


ጡረተኛው ጥገና

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በፋብሪካ ጥገና ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። መምህሩ መልካም ብለዋል፤ ነገር ግን ዝገቱ የብየዳውን መስመር «ግራና ቀኝ ተከትሎ» መውጣቱን ስትነግረን አንተ ራስህ ግማሹን መልስ ሰጥተኸናል። ስለ ካርቦን ሳላወራ ማለፍ አልችልም፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጋን ሲጣል አይቻለሁና።

ካርቦን ተራውን ብረት ያጠነክራል፤ ለስቴንለስ ግን ጠላት ነው። ብየዳ ስትበይድ ከመስመሩ አጠገብ ያለው ብረት ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የሙቀት ክልል ውስጥ ይቆያል። በዚያ ሙቀት ካርቦኑ በብረቱ ቅንጣቶች ድንበር ላይ እየተሰበሰበ ክሮሚየሙን ይዞ ካርባይድ ይሠራል። የካርባይዱ ስሪት 23 ክሮሚየም ለ6 ካርቦን ነው፤ በክብደት ስታሰላው አንድ ግራም ካርቦን እስከ 16 ግራም ተኩል ክሮሚየም አስሮ ያስቀምጣል ማለት ነው። በላሜራው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ክሮሚየም አልቀነሰም፤ ሻጩም ቢለካው 18 በመቶ ያገኛል። በቅንጣቶቹ ድንበር ዳር ያለችው ቀጭን መስመር ግን ክሮሚየሟን ተነጥቃ ከሚያስፈልገው መጠን በታች ወርዳለች። አሲዱ ያቺን መስመር እየተከተለ ይገባል፤ ከላይ ሲታይ ያልተነካ የሚመስለው ብረት እንደ አሸዋ ይፈረፈራል።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ካርቦኑን ማሳነስ ነው፤ 304ኤል እና 316ኤል ሲባል «ኤል» የምትለው ፊደል ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጓል ማለት ነው። ሁለተኛው ካርቦኑ ከክሮሚየም አስቀድሞ የሚይዘው ሌላ ንጥረ ነገር መጨመር ነው፤ 321 በሚባለው ስቴንለስ ውስጥ ቲታኒየም፣ 347 በሚባለው ውስጥ ኒዮቢየም ይጨመራል። ቲታኒየሙ የካርቦኑን ቢያንስ 5 እጥፍ፣ ኒዮቢየሙ ደግሞ 10 እጥፍ መሆን አለበት። እኛ በወጣትነታችን ኤል የተባለውን እንደ ልብ ስለማናገኝ 321 እንፈልግ ነበር፤ ዛሬ ግን 304ኤል ስላለ ለአንተ ሥራ ቲታኒየም ፍለጋ አትድከም።

የበየድክበት ሽቦ ምንድን ነው? 308ኤል ካልሆነ ከዚያው ጀምር።


መምህር በጎንደር
(ለጡረተኛው ጥገና)

ጋሼ፣ ስለ ካርቦን ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምር። በያጁ የተጠቀሙበት ላሜራ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ስስ ላሜራ በአርጎን በአንድ ዙር ሲበየድ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ካርቦኑ ክሮሚየሙን ለመሰብሰብ የሚበቃ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አያገኝም። እርስዎ ያዩዋቸው ጋኖች ወፍራምና በተደራረበ ዙር የተበየዱ ስለነበሩ ችግሩ በግልጽ ታይቶባቸዋል። ላሜራው በእርግጥ 304 ከሆነ፣ በዚህ ውፍረት ካርባይድን ዋና ተጠያቂ አላደርገውም።

እኔ የምጠረጥረው ብየዳው ዳርና ዳር የሚተወውን ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም ነው። ያ ቀለም ሙቀቱ ያወፈረው ኦክሳይድ ነው፤ ክሮሚየሙን የወሰደውም ከሥሩ ካለው ብረት ስለሆነ፣ ቀለሙ ካልተነሣ ከሥሩ ክሮሚየም የጎደለው ሽፋን አብሮ ይቀራል። በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ ብለዋል። ብሩሹ የተራ ብረት ከሆነ ደግሞ የብረት ብናኝ ላዩ ላይ ተክሎ አልፏል፤ ዛገ የምንለው መጀመሪያ ያ ብናኝ ነው፣ ቀጥሎም ከሥሩ ያለውን ያስጀምራል።


ቤተ ሙከራ ሠራተኛ

እንደምን ዋላችሁ። እኔ በጎንደር በአንድ ቤተ ሙከራ የምሠራ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነኝ። የመምህሩ «የትኛው አሲድ?» የሚለው ጥያቄ የዕለት ተዕለት ሥራዬ ስለሆነ፣ በተለይ ስለ ሞሊብዲነም የማውቀውን ላካፍል፤ በዚህ ነገር ብዙ ሰው ሲሳሳት ስለማይ ነው።

በገበያ «316 ከ304 ይበልጣል» ይባላል፤ የዋጋው ልዩነትም ሰውን ያሳምነዋል። 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም አለው። ሞሊብዲነም፣ ክሎራይድ (በጨው ውስጥ ያለው) ያለበት ፈሳሽ ሽፋኑን በአንድ ነጥብ ሰብሮ ጉድጓድ እንዳይቆፍር ይረዳል፤ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ፣ በፎስፎሪክ አሲድና በጋለ አሴቲክ አሲድም ይጠቅማል። የጋለ ጠንካራ ናይትሪክ አሲድ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚያ ቦታ የሚመረጠው 304ኤል ነው፣ 316 ይበልጥ ሊበላ ይችላል። ናይትሪክ ኦክሲጅን ሰጪ አሲድ ስለሆነ የሚፈልገው ክሮሚየምን ብቻ ነው፤ ሞሊብዲነሙ እዚያ ሥራ የለውም። ናይትሪኩ ከ90 በመቶ በላይ ሲጠነክር ደግሞ 304ኤልም አይበቃም፤ 4 በመቶ ያህል ሲሊኮን የተጨመረባቸው ልዩ ስቴንለሶች የተሠሩት ለዚሁ ነው።

የጨው አሲድ፣ ማለትም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሆን ግን 304ም ሆነ 316 አይመከርም። አሲዱ ሽፋኑን ይገፋዋል፣ ክሎራይዱም ተመልሶ እንዳይጠገን ያደርገዋል፤ ሁለቱ በአንድነት ስለሚመጡ ከተለመዱት ስቴንለሶች አንዱም አይቋቋማቸውም። ለእሱ የተሠሩት ቅይጦች መሠረታቸው ኒኬል ሆኖ እስከ 28 በመቶ ሞሊብዲነም ያለባቸው ናቸው፤ በዋጋም በአቅርቦትም ከእኛ የራቁ ናቸው። በሥራ ቦታዬ አዲስ የተገጠመ የስቴንለስ የእጅ መታጠቢያ፣ የጨው አሲድ ጠርሙስ ማታ ላዩ ላይ ሲያንጠባጥብ አድሮበት ጠዋት ላይ ተቆፍሮ አግኝተነዋል። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱ የሚቀመጠው በፕላስቲክ ትሪ ላይ ነው።

አንድ ነገር ላክል፤ ከወለቃ የሚመጣው የሸክላ ጋንና እንስራ ይህንን ሁሉ አይፈራም። እናቶቻችን ጠላና ጠጁን በሸክላ ሲጥሉ አሲድ የማይነካው ዕቃ መምረጣቸው ነበር።


የቅዳሜ ገበያ ባልትና

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ተማርኩ። እኔ አዋዜና ዳጣ እያዘጋጀሁ አቀርባለሁ። ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል አለበት፤ አንዳንዴም እንዳይበላሽ ኮምጣጤ እጨምርበታለሁ። በያጁ እንደሠሩት ያለ በርሜል ላሠራ አስቤ ነበር። የትኛውን ላሠራ?


ቤተ ሙከራ ሠራተኛ
(ለቅዳሜ ገበያ ባልትና)

እህቴ፣ የእርስዎ ከሊጡ የከበደ ነው፤ ኮምጣጣውና ጨው በአንድነት ስላሉበት ነው። ስቴንለሶች ክሎራይድ የሚቆፍረውን ጉድጓድ የመቋቋም ኃይላቸውን ለማነጻጸር ባለሙያዎች አንድ ስሌት ይጠቀማሉ፤ የክሮሚየሙን መቶኛ ወስደው፣ የሞሊብዲነሙን በ3.3፣ የናይትሮጅኑን በ16 አባዝተው ይደምሩበታል። በዚህ ስሌት 304 ወደ 18፣ 316 ወደ 24፣ 22 በመቶ ክሮሚየምና 3 በመቶ ሞሊብዲነም ያለው 2205 ደግሞ ወደ 35 ይደርሳል። ስሌቱ ለክሎራይድ ጉድጓድ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሰልፈሪክና ናይትሪክ አሲድን አይመለከትም።

ነገር ግን ገንዘብዎን ሁሉ በብረት ላይ እንዳያፈሱ እመክራለሁ። ማዋሃጃው ቶሎ ተገልብጦ ቶሎ የሚታጠብ ከሆነ 304 ይበቃዎታል። የሚያድረውንና የሚከርመውን በብርጭቆ ወይም ለምግብ በተሠራ ፕላስቲክ ያስቀምጡ። አዋዜው በብረት ውስጥ መክረም አለበት ካሉ ብቻ 316ኤል ያሠሩ፤ ክዳኑ ሥር ጠባብ ስንጥቅና የጎማ ማሸጊያ ያለበትን ቦታ ደግሞ አዘውትረው ይመልከቱ፤ ጨዋማ ፈሳሽ ተጠራቅሞ የሚሠራው ከዚያ ነው።


በያጁ ከማራኪ

ወገኖቼ፣ የጠየቃችሁኝን ሁሉ ይዤ ትናንት ከሰዓት በኋላ እናት ዘንድ ሄጄ ነበር። ያገኘሁትን እንዳለ እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ ዝገቱ ሊጡ በሚደርስበት ቦታ ብቻ አይደለም። ከሁሉ የባሰው እግሮቹ ላይ ነው፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ ተቆፍረዋል። ሊጥ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ውስጡ ደግሞ ጉድጓዶቹ ያሉት ውሃ ጠርቶ በማይወጣበት የታችኛው ጥግ ላይ ነው፤ ሊጡ ሁልጊዜ የሚቆምበት መካከለኛው ግድግዳ ግን እንደ ተሠራበት ቀን ያበራል።

ሁለተኛ፣ በምን እንደሚታጠብ ስጠይቅ የምታጥበው ልጅ ጠርሙሱን አምጥታ አሳየችኝ። የሽንት ቤት ሸክላና የወለል ሴራሚክ ነጭ እንዲሆን የሚፈስሰው ማጽጃ ነው፤ ጀርባው ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይላል። ወለሉ ላይ በየሳምንቱ ይፈስሳል፤ በርሜሉ የኖራ ዓይነት ነጭ ንጣፍ ሲይዝም በዚያው ይታሻል። ልጅቷን አልወቀስኳትም። እኔ ራሴ ሳስረክብ በምን ይታጠብ እንደሆነ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ሦስተኛ፣ ከአንድ ወዳጄ የብረት መለያ ፈሳሽ ተውሼ ሞከርኩ። ጠብታውን አድርጌ በትንሿ ባትሪ ኤሌክትሪክ ሳስነካው ቀይ ሆነ፤ የፈሳሹ መመሪያ እንደሚለው ይህ ማንጋኒዝ የበዛበት ነው፣ ማለትም 201 የሚባለው ስቴንለስ። ብሩሼም እውነት ነው፣ የተራ ብረት ብሩሽ ነው። የበየድኩበትን ሽቦ ሳጣራ 308 ይላል፣ ኤል የለውም።

ማግኔት አልያዘም ብዬ ተማምኜ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?


መምህር በጎንደር

በያጁ፣ ምርመራውን እንዲህ በቅንነት ስላደረጉት ደስ ብሎኛል፤ መልሱ በእጅዎ ላይ ነው።

ማግኔት የሚለየው የውስጥ አደረጃጀትን ነው፣ የዝገት መቋቋምን አይለካም። ኒኬል ብረቱን በማግኔት የማይያዝ ያደርገዋል፤ ማንጋኒዝና ናይትሮጅን በአንድነት ሲገቡም ያንኑ ያደርጋሉ። ኒኬል ውድ ስለሆነ በ201 ውስጥ ከ3.5 እስከ 5.5 በመቶ ዝቅ ብሎ፣ በምትኩ ከ5.5 እስከ 7.5 በመቶ ማንጋኒዝ ይገባል። ስለዚህ 201ንና 304ን በማግኔት መለየት አይቻልም። እንዲያውም 304 ሲታጠፍና ሲጠቀለል ጠርዙ ላይ በመጠኑ በማግኔት ሊሳብ ይችላል፤ ያንን አይተው ጥሩውን ላሜራ «ውሸት ነው» ብለው የሚመልሱ አሉ። ማግኔት የሚጠቅመው 430 የሚባለውን ስቴንለስ ለመለየት ነው፤ ኒኬል ስለሌለው አጥብቆ ይይዘዋል።

ማንጋኒዝ ዝገትን ለመከላከል የሚጨምረው ነገር የለም። ጥቅሙ ናይትሮጅን በብረቱ ውስጥ እንዲሟሟ መርዳት ነው፤ ከድኝ ጋር ሲገናኝ ግን ማንጋኒዝ ሰልፋይድ የሚባል ጥቃቅን ጠብታ ይሠራል፤ የክሎራይድ ጉድጓድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ጠብታ ዳር ነው። በዚህ ምክንያት ነው በቶርኖ በቀላሉ እንዲቆረጥ ሆን ተብሎ ድኝ የተጨመረበትን 303 ለአሲድ ዕቃ ቧንቧና ቫልቭ መጠቀም የማይገባው። በተጨማሪም 201 እስከ 0.15 በመቶ ካርቦን ሊኖረው ስለሚችል፣ ጋሼ ስለ ብየዳው ዳር የተናገሩት በእርስዎ ላሜራ ላይ ከገመትኩት የበለጠ ሊሠራ ይችላል። ላሜራው 304 ነው ብዬ ስለተነሣሁ ነበር የተከራከርኳቸው፤ አሁን የእርሳቸው ጥርጣሬ ቦታ አለው። ከ201 መለኪያ በታች ወርደው ክሮሚየማቸው 16 በመቶ የማይሞላ ላሜራዎችም በገበያ ስላሉ፣ ጠብታው ቀይ ከሆነ በቁጥሩ ላይ አይተማመኑ።

ያም ሆኖ ፍርዱን ላስተካክል። የጨው አሲድ ማጽጃው 304 ቢሆንም፣ 316ኤል ቢሆንም ይጎዳው ነበር። 201 መሆኑ ጉዳቱን አፋጠነው፤ ብየዳው መንገድ ከፈተለት፤ የበላው ግን ማጽጃው ነው።


ጡረተኛው ጥገና

ልጄ፣ አሁን ስለ እጥበቱ እኔ ልናገር፤ በዚህ ላይ እርግጠኛ ነኝና። በቢራና በወተት ፋብሪካ ጋንና ቧንቧ የሚታጠበው አስቀድሞ በኮስቲክ ሶዳ፣ ቀጥሎ በቀጠነ ናይትሪክ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ ነው። ነጩን ንጣፍ የሚያነሣው አሲዱ ነው፤ ናይትሪኩ ንጣፉን እያነሣ ሽፋኑን ያድሳል። የጨው አሲድ ወደ ጋን ክፍል እንዳይገባ በር ላይ ተጽፎ ነበር። እንጀራ ቤት ግን ናይትሪክ አታስገባ፤ አደጋ አለው። ለነጩ ንጣፍ ሲትሪክ አሲድ፣ ማለትም የሎሚ ጨው በሞቀ ውሃ በጥብጠው ያሹት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ያለቅልቁት። በረኪናም ቢሆን በበርሜሉ ውስጥ እንዳያድር፤ እሱም ክሎራይድ ይተዋል። በረኪናንና ያንን የሽንት ቤት አሲድ ደግሞ በአንድ ቀን በአንድ ወለል ላይ እንዳያፈስሱ አስጠንቅቃቸው፤ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሰው ይገድላል።

የብየዳውን ቀለም ለማንሣት በገበያ የሚሸጠው ቅባት ናይትሪክና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለበት። ሃይድሮፍሎሪክ ቆዳን ዘልቆ አጥንት የሚነካ ነው፤ መድኃኒቱ የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት በአጠገብህ ሳይኖር አትክፈተው። ለስስ ላሜራ በስቴንለስ ብሩሽና በአዲስ ማለስለሻ ዲስክ ቀለሙን እስከ ነጩ ድረስ አንሥተህ፣ ከ4 እስከ 10 በመቶ በሆነ ሲትሪክ አሲድ አጥበህ ብታለቀልቀው ይበቃሃል። ዲስኩ ተራ ብረት ነክቶ የማያውቅ ይሁን። ከውስጥ በኩልም አርጎን እየነፋህ በይድ፤ ቀለሙ ከመጀመሪያው እንዳይወጣ ከማድረግ የሚሻል የለም።


ባትሪ ቤት አዘዞ

የኔንም ትሪ ነገር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። በገበያው ላይ የፈረድኩት ቸኩዬ ይሆን?


መምህር በጎንደር
(ለባትሪ ቤት አዘዞ)

ወንድሜ፣ ትሪዎ እውነተኛ 304 ቢሆንም ይበላ ነበር። የተሞላ ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከመቶው 37 ገደማ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ይህ መካከለኛ ጥንካሬ ለ304 እጅግ ክፉ ነው፤ 316ም አያስተማምንም። ሰልፈሪክ አሲድ ጠባዩ እንግዳ ነው። ከ93 እስከ 98 በመቶ ሲጠነክርና ቀዝቃዛ ሲሆን በተራ ብረት ጋን ይቀመጣል፤ ብረቱ ላይ የሚሠራው የሰልፌት ንጣፍ ራሱ ይጠብቀዋል። ውሃ ገብቶ ሲቀጥን ንጣፉ ይሟሟል፣ ጋኑም ይበላል።

ለቀጠነው ሰልፈሪክ የሚረዱት ኒኬል፣ ሞሊብዲነምና መዳብ በአንድነት ናቸው። መዳቡ ከብረቱ ተሟሙቶ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ላዩ ላይ ይቀመጥና መሟሟቱን ይገታል። 904ኤል የሚባለው 20 በመቶ ክሮሚየም፣ 25 በመቶ ኒኬል፣ 4.5 በመቶ ሞሊብዲነምና 1.5 በመቶ ያህል መዳብ አለው፤ የተሠራውም ለሰልፈሪክ አሲድ ነው። ቅይጥ 20 የሚባለው ደግሞ መዳቡን ከ3 እስከ 4 በመቶ አድርሶ ኒኬሉን ወደ 35 በመቶ ያሳድገዋል። ለአንድ ትሪ ግን ይህን ማሰብ አይገባም፤ ወፍራም የፖሊኢትሊን ትሪ ይግዙ፣ የፈሰሰውንም በቤኪንግ ሶዳ ያብርዱት።


በያጁ ከማራኪ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ጋሼም፣ መምህርም፣ የቤተ ሙከራ ሠራተኛም። ዛሬ ጠዋት እናት ዘንድ ተመልሼ የተበላውን በርሜል ያለ ክፍያ በአዲስ እንደምተካ ነግሬአቸዋለሁ፤ እስከዚያው ሊጡን በሸክላ ጋን እያቦኩ ነው። ላሜራውን 304ኤል ብዬ አዝዣለሁ፤ ሲመጣ በጠብታው ፊት ለፊታቸው እሞክረዋለሁ፣ ቀይ ከሆነም አልቀበለውም። 308ኤል ሽቦና ለስቴንለስ ብቻ የሚሆን ብሩሽ ገዝቻለሁ፤ ብሩሹን ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል እጀታውን ሰማያዊ ቀብቼዋለሁ። የታችኛውን ጥግ ክብ አድርጌ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ እንዲወጣ መሐሉን ዝቅ አድርጌ እሠራዋለሁ። በርሜሉ ላይም «በሽንት ቤት አሲድ አይታጠብም፤ በሎሚ ጨውና በሞቀ ውሃ ይታጠብ» የሚል ጽሑፍ ቀርጬ እለጥፋለሁ። ልጅቷም የሎሚ ጨዉን እንዴት እንደምትበጠብጥ አሳይቻታለሁ፤ አሮጌው በርሜል ላይ ሞክራ ነጩ ንጣፍ ሲነሣ አይታለች።